ጨርቅ በክንዷ የምትለካው እንግሊዛዊት

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ማንበብ ያቆመው ዩኒቨርሲቲ በጨረሰ ማግስት ነው። ይህን እኔ አላማሁትም፤ ራሱ ነው በኩራት የሚናገረው። «እኔ ንባቤን ጨርሻለሁ» ይላል፣ ሰው ውትድርናዬን ጨርሻለሁ እንደሚለው። በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጠኝ ስለነበር ፊት ለፊት አንቱ እያልኩ «ጋሼ» ብዬ ነበር የምጠራው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህችን ያህል ነጻነት ይገባኛል።

አሰበ ተፈሪ የደረስኩት በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ከአዲስ አበባ በዕጣ ተመድቤ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ የመጣን አስተማሪዎች ነበርን። ሁሉም ከተማዋን የሚያያት እንደ መንገድ ላይ ማረፊያ ነበር። አሥር ዓመት የኖረው ሰው እንኳ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ አልፈታም። ከሰዓት በኋላ ክፍል የሌለው ሁሉ አንዱ ቤት ይሰበሰብና ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። እዚያ ፍራሽ ላይ ስንቱ ዶክትሬቱን እንደሠራ፣ ስንቱ ለንደን ደርሶ እንደተመለሰ እኔ አውቃለሁ። ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም እዚያው አሰበ ተፈሪ ናቸው።

በትምህርት ክፍላችን ቢሮ አንድ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ነበር። ከአብዮቱ በፊት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሏቸው የሄዱ መጻሕፍት ሞልተውበታል። ቁልፉ የሚኖረው በኃላፊው ኪስ ነው። ኃላፊው ደግሞ ቁም ሣጥኑን የሚከፍተው በሻይ ሰዓት ብቻ ነው፤ በቀበሌ እየተመዘነ የሚሰጠውን ስኳር ያስቀመጠው እዚያ ነበርና። ጉንዳኑ ስኳሩን ፍለጋ በየመጽሐፉ መሐል መንገድ አውጥቶ ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ጋሼ፣ ስኳሩን ሌላ ቦታ ቢያደርጉትስ? መጽሐፎቹ እየተበሉ ነው» አልኩት።

«ማን ያነባቸዋል ብለሽ ነው?»

«እኔ አነባለሁ።»

በርኅራኄ ዐይን አየኝ። «ገና ልጅ ነሽ፤ ይለቅሻል» አለኝ፣ ስለ ጉንፋን እንደሚያወራ።

አለቀቀኝም። ሁለት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ በበጋው አጋማሽ፣ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለሁለተኛ ዲግሪ አስተማሪዎችን አወዳድሮ እንደሚቀበል የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያን ዕለት ያስተማርኩትን አላስታውስም። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ማንበቤ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ አንዱ የሒሳብ አስተማሪ «ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለመፈተን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ድጋፍ ያስፈልጋል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የትምህርት ቤታችን ካድሬ ነው። ከዚያ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ፊሽካውን ትቶ ካኪ ለበሰ፣ ከዚያ ውጭ እምብዛም የተለወጠ ነገር አልነበረውም። አሁንም ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ሲሮጥ ማየት ነው የሚወደው። ኮሚቴው ፊት ስቀርብ እጆቹን አጣምሮ፣

«ጓድ፣ ልትማሪው የፈለግሽው ነገር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?» አለኝ።

«ልጆቹን እንግሊዝኛ በደንብ የሚያስተምርለት ሰው ያገኛል።»

«እንግሊዝኛማ አሁንም እየተማሩ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ሥነ ጽሑፉ ነው። እነዚህ ጸሐፊዎች የቆሙት ከየትኛው መደብ ጋር ነው?»

«አብዛኞቹ ሞተዋል ጓድ። አሁን መቆም አይችሉም።»

ማንም አልሳቀም። የኮሚቴው ጸሐፊ ብቻ እስክሪብቶውን አንስቶ ይጻፈው አይጻፈው ግራ ገባው። በዚህ መሐል የክፍላችን ኃላፊ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከወንበሩ ተነሣ። ሥነ ጽሑፍ የመደብ ትግል መስታወት መሆኑን፣ የጠላትን ባህል ሳያውቁ ጠላትን መታገል እንደማይቻል፣ ልምድ ያለው ሰው ግንባር ቀደም መሆን እንዳለበት አስረዳ። ከዚያ እሱም ለዚያው ትምህርት ማመልከቱን ተናገረ። እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ተጨበጨበለት። ለሁለታችንም ድጋፍ ተሰጠን፤ ለእሱ በጭብጨባ፣ ለእኔ በዝምታ።

የምኖረው ከአውቶቡስ ተራው ከፍ ብሎ ከሚገኝ የጨርቅ ሱቅ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ከጉራጌ አገር ከባሏ ጋር መጥታ፣ ባሏ ሲሞት ሱቁን ብቻዋን የያዘች ሙስሊም ሴት ናት። «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷ «መምህርት» ትለኛለች። ጠዋት ክፍል እስክገባ፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን፣ ከጣቃዎቹ ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጬ አጠና ነበር። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሱቁን ሞልተው በኦሮምኛ ይከራከራሉ። ጠረጴዛው ላይ የብረት ሜትር ተቀምጧል፤ ግን ማንም አያምነውም። «ሀርከ ኬቲን ሰፈሪ» ይሏታል፣ በክንድሽ ለኪልን ማለታቸው ነው። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ትለካላቸዋለች።

ታሪኳን የነገረችኝ አንድ ዝናብ ገበያውን በበተነበት ከሰዓት ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ወንድሙ ከአገር ቤት መጣ። ሱቁም አንቺም የወንድሜ ናችሁ፣ ስለዚህ የእኔ ናችሁ አላት። እሷም አልተከራከረችም፤ የሱቁን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችው። ሰውየው ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። ገበያተኛው ይገባል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ እሷን ያጣል፣ ይወጣል። ጥቂት ወራት በጣቃ ተከቦ እንደተቀመጠ፣ አንድ ቀን ቁልፉን ትቶ ሄደ። «ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ነበር የጨረሰችው። ከፊቴ ከተከመሩት የእንግሊዝ ልብወለዶች ይህ ታሪክ እንደሚበልጥ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሴቶች ለባል ሲሉ ምዕራፍ ሙሉ ያለቅሳሉ፤ ይህቺኛዋ ቁልፍ ሰጥታ ዝም አለች።

ኃላፊው ለፈተናው የተዘጋጀው በእኔ በኩል ነው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ወንበሩን ጠጋ አደረገና፣

«እንግዲህ ሁለታችንም ከአንድ ቤት ነው የምንሄደው። አንቺ ንባብ አለሽ፤ እኔ ልምድ አለኝ። ብንተጋገዝ ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«እንዴት ነው የምንተጋገዘው?»

«አንቺ ያነበብሽውን ትነግሪኛለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ እሰማሻለሁ» አለ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው።

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በእሱ እጅ ስለሆነ እሺ አልኩ። ስለዚህ በየሻይ ሰዓቱ የእንግሊዝን ልብወለድ እያላመጥኩ አጎረስኩት። ጣልቃ ገብቶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «መጨረሻው ምንድን ነው?» ተጋቡ ስለው «ጥሩ» ይላል። ሞተች ስለው «ጥሩ» ይላል። መካከሉን ጠይቆኝ አያውቅም። ግጥም ስነግረው ሰዓቱን ያያል፤ ግጥም መጨረሻ የለውማ። እኔም እየነገርኩት ፊቱን አያለሁ፤ ስኳር የሚያማስልባትን ማንኪያ አያለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ልጅ በዚህ ሰው አፍ እንግሊዝኛ እንደተማረ አስባለሁ። ንቀቴ በዚያ ወር እንደ ሊጥ ነው የቦካው።

የፈተናው ጊዜ ሲደርስ በአንድ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርን። ከደጋው ወርደን፣ አሰቦትን አልፈን፣ ቦርደዴ ስንደርስ ፊናንስ ፖሊሶች አስቆሙን። ከላይ ያለው ጭነት ሁሉ ይውረድ ተባለ። ሾፌሩ ተሳደበ፣ ሴቶቹ በቀሚሳቸው ሥር የጠቀለሉትን ኮንትሮባንድ እያመቻቹ ዘወር ዘወር አሉ፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። እኔና ኃላፊው የግመል ወተት ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ግራር ሥር ተጠለልን። ከረባቱን እንኳ አላላላም። በእጁ ፊቱን እያራገበ፣

«አስቤበት ነበር» አለኝ። «እስካሁን የነገርሽኝን ሌሎቹም ያነሱታል። እኔ ለየት ያለ ነገር እፈልጋለሁ። ማንም የማያነሳው።»

«ማንም የማያነሳው?»

«አዎ። ፈታኞቹ ራሳቸው እንኳ በደንብ የማያውቁት።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ክፋት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ክፋት ጉልበት ይፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት ጉልበት አልነበረኝም። ንቀት ግን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎም ይሠራል።

«አንዲት መጽሐፍ አለች» አልኩት። «ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈች። አንዲት እንግሊዛዊት ባሏን ተከትላ ዌልስ ሄዳ ትኖራለች። ዌልስ የራሱ ቋንቋ ያለው አገር ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ባሏ ይሞትና የጨርቅ ሱቁን ብቻዋን ትይዛለች።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። የባሏን ወንድም ከለንደን አስመጣሁት። ቁልፉን አሰጠሁት። ገበሬዎቹን በእሱ ቋንቋ ሳይሆን በራሳቸው አናገርኳቸው። ሴትዮዋን ጨርቅ በክንዷ አስለካኋት፤ ይህችን ትቻት ማለፍ አልሆነልኝም። ኃላፊው አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። በሻይ ሰዓት እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

«ደራሲው ማን ይባላል?»

«ስሟን ደብቃ የጻፈች ሴት ናት። በዚያ ዘመን ሴቶች እንደዚያ ያደርጉ ነበር።»

«ግሩም ነው! መጨረሻውስ?»

«ሰውየው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሄዳል።»

«አይሞትም?»

«አይሞትም።»

«አታገባውም?»

«አታገባውም።»

ፊቱን ማራገቡን ተወ። «ከባድ መጽሐፍ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በአድናቆት። አዋሽ እስክንሻገር ድረስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር፤ እየሸመደደ ነው።

የጽሑፍ ፈተናው ጠዋት ነበር፤ ጥሩ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ በቃል እንድንጠየቅ አንድ ኮሪደር ላይ አሰለፉን። ኃላፊው ከእኔ በፊት ገባ። ሲወጣ ፊቱ አብርቷል፤ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«ያውቋታል!» አለኝ።

«ማንን?»

«መጽሐፏን ነዋ! አንዱ ፈታኝ፣ ፈረንጁ፣ በተማሪነቴ አንብቤያታለሁ አለኝ። ወጣቱ ፈታኝ ደግሞ ተገቢውን ቦታ ያላገኘች ሥራ ናት አለ።»

ወገቤን የያዘኝን ነገር ሳቅ ነው ለማለት አልደፍርም። ወደዚያ ክፍል ለመግባት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። በየጠዋቱ፣ በየቅዳሜው፣ ከጣቃ ጀርባ ሆኜ ያሰብኩት እነዚህን ሰዎች ነበር። እኛ አሰበ ተፈሪ ላይ ያጣነው ሁሉ እነሱ ዘንድ አለ ብዬ አምን ነበር። ስሜ ተጠራና ገባሁ።

ሦስት ናቸው። ፈረንጁ መሐል ተቀምጧል። በስተቀኙ ወጣቱ መምህር፣ ከውጭ በቅርብ የተመለሰ፣ ሲናገር የራሱን ድምፅ የሚያዳምጥ ዓይነት። በመስኮቱ በኩል አንድ ሽማግሌ መምህር ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል። ስለ ጥቂት መጻሕፍት ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ፈረንጁ ፈገግ ብሎ፣ ባልደረባዬ ስለ ዌልሷ መበለት አንድ ልብወለድ እንዳነሳላቸው ነገረኝና፣ አንብቤው እንደሆነ ጠየቀኝ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሦስቱን ፊት አየሁ፤ ሁለቱ በዕውቀት አብርተዋል። ይሁንላቸው አልኩ በልቤ።

«አንብቤዋለሁ» አልኩ።

ከዚያ ስለዚያች ሴት ተናገርኩ። ቁልፉን መስጠቷ ሽንፈት እንዳልሆነ፣ ቋንቋ ከቁልፍ እንደሚበልጥ፣ ደራሲዋ ሴትዮዋን አንድም ጊዜ አለማስለቀሷ ምን ማለት እንደሆነ አብራራሁ። ስናገር እውነት እየመሰለኝ መጣ። ወጣቱ ራሱን ይነቀንቃል። ፈረንጁ በመጨረሻ ላይ ያለው የወንዝ ዳር ትዕይንት እስከ ዛሬ ከአእምሮው እንደማይጠፋ ነገረኝ። ወንዝ አልነበረበትም። እኔ ወንዝ አልጨመርኩበትም፣ ኃላፊውም ወንዝ የሚጨምር ሰው አልነበረም። ፈረንጁ ነው ያፈሰሰው።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጨርሼ ስነሣ ግን አብረውኝ ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጡና ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ፣

«ያ ባልደረባሽ ሴትዮዋ እንዴት እንደምትለካ በክንዱ አሳየን» አሉኝ። «ከክርን እስከ ጣት። እኔ እንግሊዝ አገር ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ይህቺ ሴት ሱቋ የት ነው?»

መዋሸት አላዋጣኝም።

«አሰበ ተፈሪ ነው። ከአውቶቡስ ተራው ከፍ ብሎ።»

«መጽሐፉንስ ማን ነው የሚጽፈው?»

«እስካሁን ማንም አልጻፈውም» አልኩ። «እንግዲያው ብታልፊም ብትወድቂም ሥራ አለሽ» አሉኝና ተመልሰው ገቡ። ተቆጥተው ይሁን ቀልደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተመልሰን ሥራ ስንገባ ኃላፊው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ያቺን መጽሐፍ በየክፍሉ ማስተማር ጀመረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጽፈው ሸምድደዋል። በጫት ቤቱ ፍራሽ ላይ ሳይቀር ስለ ዌልስ ይተነትናል፤ ካድሬው ሴትዮዋ ንዑስ ከበርቴ ናት ወይስ ጭቁን ብሎ እንደተከራከረው ሰማሁ። አንድ ወር ሙሉ የከተማው የተማረ ሰው በሙሉ ስለ አከራዬ ሲወያይ ሰነበተ፤ ከእሷ ሱቅ የሱሪውን ጨርቅ የገዛ ሁሉ ሳያውቃት።

ለእሷ ልነግራት ወሰንኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ጣቃ ስታጥፍ፣ ያደረግኩትን ሁሉ ከቦርደዴ ጀምሬ ነገርኳት። ማጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ፣

«ብልሃቱን ማን ጨመረበት?» አለችኝ።

«የቱን ብልሃት፣ እትዬ?»

«ሴትዮዋ አውቃ ነው ቁልፉን የሰጠችው አልሽ አይደል? እንደሚሰለቸው አውቃ። እኔ ወላሂ ምንም አላወቅኩም። የሰጠሁት ፈርቼው ነው። እጁ ከባድ ነበር፤ በመጣ በሳምንቱ እዚህ ጋ መቶኛል» ብላ ከጆሮዋ ሥር ነካች።

ሌላ ጣቃ አነሳች።

«ገበያተኛውም ሳይገዛ የወጣው ለእኔ ብሎ አይደለም። ሰውየው ቋንቋውን ስለማያውቅ ነው። የሄደውም ተሸንፎ እንዳይመስልሽ። ሚኤሶ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ። አልጋ ላይ ዋለ። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሲሻለው አፈረ መሰለኝ፣ አገሩ ገባ።» ጣቃውን መደርደሪያው ላይ አወጣችና ዞር ብላ አየችኝ። «ያንን እንግሊዞቹ አይወዱትም?»

«ይወዱት ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

«እንግዲያው ከጻፍሽው ወባውንም ጻፊው» አለችኝና ደንበኛ ሲገባ ወደ ኦሮምኛዋ ተመለሰች።

ያን ቀን ወደ ክፍሌ ገብቼ ለማንበብ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ኃላፊውን ስንቅ ኖሬያለሁ፣ ካድሬውን ንቄያለሁ፣ ፈታኞቹን ንቄያለሁ፤ እሷ ፊት ግን ንቀቴ የሚይዘው ነገር አጣ።

ክረምቱ ሲገባ ውጤት መጣ። እኔ ለሥነ ጽሑፍ ተቀብለውኛል። ኃላፊውንም ተቀብለውታል፤ እሱ ግን የተመደበው እንግሊዝኛን ማስተማር በሚባለው ዘርፍ ነው፤ እዚያ ልብወለድ ማንበብ አያስፈልግም። ይህን እንደ ዕድገት ነው የቆጠረው። ኮሚቴው በበኩሉ ከአንድ ትምህርት ክፍል በአንድ ዓመት ሁለት ሰው መልቀቅ አይቻልም አለ። ጓድ ኃላፊ በአገልግሎት ይቀድማል፤ እኔ ለከርሞ ልጠብቅ። ካድሬው ይህን በስብሰባው ላይ ሲነግረኝ፣ «ለነገሩ የክፍሉን ኃላፊነት ለአንቺ አስበንልሻል» አለኝ። ባለ ጉንዳኑን ቁም ሣጥን ማለቱ ነው።

ያልጠበቅኩት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኃላፊው ተነሣ። እንደ በፊቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ወደ ኋላ ሊቀሩ እንደማይገባ፣ እኔን ማስቀረት የአድኃሪያን አሠራር እንደሚሆን፣ ሁለታችንም ካልሄድን እሱም እንደማይሄድ ተናገረ። ጠረጴዛውን ሳይቀር መታ። ካድሬው አድኃሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ድምፅ ተሰጠ፣ ሁለታችንም ተለቀቅን። ተጨበጨበ፣ ያን ጊዜ ለእኔም ጭምር።

ስንወጣ ደርሼበት አመሰገንኩት። ከልቤ ነበር። በዚያ ቅጽበት ስለዚህ ሰው ያሰብኩትን ሁሉ ልመልስ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። «አዲስ አበባ ላይ ማን ሊያነብልኝ ነው? ቤት በአንድ ሰፈር ብንከራይ ጥሩ ነው።»

ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ያቺ የዌልሷ ሴት መጽሐፍ የለችም። እኔ ነኝ ቦርደዴ ላይ የፈጠርኳት።»

ቆመ። ልናደድ ብሎ ሲያስብ፣ ላፍር ብሎ ሲያስብ፣ ሁለቱንም ሲተው ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና፣

«ምን ችግር አለው?» አለ። «አለፍን አይደል?»

በአንድ ሰፈር አልተከራየንም። እኔ ሩቅ፣ እሱ ሌላ ጫፍ ያዝን፤ እሱም አንባቢ አላጣም፣ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ዲግሪውን በጊዜው ይዞ ወጣ፤ በትምህርት ነገር ላይ የሚወስን ትልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰማሁ። አልገረመኝም።

መስከረም ላይ ለመመዝገብ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ሽማግሌው መምህር ነበር። በክረምት ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ። የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አጥብቄም አልፈለግኩም፣ ምን ብዬ ልቀርብ? የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያስተማረን ፈረንጁ ነው። አላስታወሰኝም። ስለ ልብወለድ አጀማመር አንድ ሰዓት ተናገረ፣ ጥሩ አድርጎ ተናገረ፣ ያን ልክድ አልችልም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ ወባውን ሳይሆን እሱ የሚለውን መጻፍ ጀመርኩ።